አንድ ስንዝር እጅጌ

ነዚፋ ለሕፃን ክር ስትገዛ መጀመሪያ የምታማክረው አንገቷን ነው። ጥቅሉን ከመደርደሪያ ታነሣለች፣ ሻሿን ላላ ታደርጋለች፣ የክሩን ጫፍ ከጆሮዋ ሥር ያለው ስስ ቆዳ ላይ ታሻሽና ዝም ብላ ትጠብቃለች። ዋናው ነገር መጠበቁ ነው። ክፉ ሱፍ ወዲያው አይናገርም፤ ማሳከክ የሚጀምረው ሰው ሊገዛው ከወሰነ በኋላ ነው። «መዳፍ ሥራ ያደነዘዘው ስለሆነ አይታመንም፤ አንገት ግን ዕድሜ ልኩን ሕፃን ነው» ትላለች።

በፈረንጆቹ 1999 መጨረሻ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ አካባቢ ባለ አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ እንዲሁ አንገቷን ይዛ ስትጠብቅ ሻጯ ልጅ ተጨንቃ መጣች። ምን እንደሆነች በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ነዚፋ ስለ ሱፍና ስለ አንገት ለማስረዳት እንግሊዝኛዋ አልበቃትም። «ቤቢ» አለችና ክሩን አሳየቻት። ሻጯ ሳቀች፤ እሷም የክሩን ጫፍ ይዛ አንገቷ ላይ አሻሸችው። ሁለቱ ሴቶች ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። በዚያ ሳምንት ከሥራ ውጭ ነዚፋ ከሰው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ የቆመችው ያኔ ብቻ ነበር።

ቤቢ የተባለችው የልጅ ልጇ ሳሚያ ናት። አራተኛ ወሯን ጀምራለች። ነዚፋ የወለደችው አንድ ልጅ ጣሪቅን ብቻ ነው፤ እሱ በዲቪ መጥቶ፣ ኋላ እናቱን ከደሴ አስመጣ። ትልቅ መኪና ይነዳል። ኮንየርስ ካሉት መጋዘኖች ዕቃ ይጭንና ቴክሳስ ድረስ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ሚስቱ ቢታንያ በልጅነቷ መጥታ ዋሽንግተን አክስቷ ዘንድ ያደገች፣ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት። ቤት የገዙት ሎረንስቪል ነው። የልጅቷን ስም ሁለቱም ወገን ሳይከብደው እንዲጠራው ብለው ሳሚያ አሏት።

ነዚፋ የምትኖረው ብሪያርክሊፍ መንገድ ዳር፣ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርትመንት ውስጥ ነው። መኪና አትነዳም። ማርታ የሚሉት የከተማው አውቶቡስ ደግሞ ሎረንስቪል ወዳለበት ግዊኔት ካውንቲ አይገባም፤ ድንበር ላይ እንደደረሰ ሰው ዞሮ ይመለሳል። ጣሪቅ መንገድ ላይ ነው፤ ቢታንያ በሰፈሯ እየነዳች ገበያ ትሄዳለች እንጂ ሀይዌይ ትፈራለች። ማንም ማንንም አልበደለም። መንገዱ ብቻ ነው የራቀው። በዚህ ምክንያት ሳሚያን ያየቻት ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ እንደ ጥቅል ተጠቅልላ፣ በሁለተኛው ምግብ ቤት ውስጥ የመኪና ወንበሯ ላይ ተኝታ።

ከሱቅ የሚገዛ የሕፃን ልብስ «ከሦስት እስከ ስድስት ወር» ይላል። ልጁን አይቶ የማያውቅ ሰውም ሊገዛው ይችላል፤ ሱቅ የተሠራው ለዚያ ነው። ነዚፋ የፈለገችው ይህን አልነበረም። በእጅ ተሠርቶ ልክ የሆነ ልብስ «አውቅሻለሁ» ይላል፤ ልክ ያልሆነ ደግሞ «አላውቅሽም» ይላል። በስልክ ብቻ የምትታወቅ አያት ሆና መቅረትን ፈርታለች። ስለዚህ ለዒድ፣ ጣሪቅ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሊመጣ ቃል ለገባበት ቀን፣ ለሳሚያ ልክ የሆነ ሹራብ ለመሥራት ተነሣች።

ስለዚያ ዓመት ዒድ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። የእስልምና ወሮች ጨረቃን ስለሚከተሉ ዒድ በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከበጋ ወደ ክረምት፣ ከክረምት ወደ በጋ እየተንሸራተተ ዓመቱን ሁሉ ይጎበኛል። ገና ግን ከቦታው አይነቃነቅም። እናም በስንት ዘመን አንዴ ተንሸራታቹ በዓል ከተቀማጩ ጎን መጥቶ ያርፋል። በዚያ ዓመት የሐበሻ ገና ዐርብ፣ ዒድ ደግሞ በማግስቱ ቅዳሜ ዋለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሎረንስቪል ያለችው በወጉ ባትጾምም ጾም ገብቶባታል፤ ብሪያርክሊፍ ያለችውም ረመዳኗን ይዛለች። ወሎ ውስጥ ቢሆን ይህ አንድ ግቢ ውስጥ የሚሆን ነገር ነው፤ እዚህ ግን በመካከሉ ሀይዌይ አለ።

ልብስ የሚጀመረው በልክ ነው። ነዚፋ ስልክ ደወለች።

«ቢቲ፣ እስቲ ልጅቷን ለኪልኝ። ለዒድ ሹራብ ልሠራላት ነው።»

«ኦ፣ ሶ ስዊት! ዶክተሯ እኮ ለክታታለች። ሀያ አምስት ኢንች ናት።»

«እሱ ከእግር እስከ ራስ አይደለም? አልጋ ልሠራላት ነው እንዴ? በስንዝር ለኪልኝ።»

«ስንዝር… ላይክ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«እጅ የለሽም?»

«አለኝ።»

«እሱ ነው። አውራ ጣትሽን ትተክያለሽ፣ የመሀል ጣትሽን እስከቻለ ድረስ ትዘረጊያለሽ። ያ ነው ስንዝር። የሚተርፈውን በጣት ትቆጥሪያለሽ።»

«ሩለር እኮ አለኝ፤ ላምጣ?»

«እንጨት ምኑን ያውቃታል? በእጅሽ ነው። ደግሞ ከመለካትሽ በፊት ቢስሚላህ በይ። ወይም የራስሽን በይ።»

ቢታንያ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። «በስመ አብ» ስትል ከሩቅ ተሰማ። ከዚያ አንድ ያልተጠበቀ ድምፅ መጣ። የእናቷ ጣቶች በደረቷ ዙሪያ ሲሄዱ ሳሚያ ተኮርኩራ ሳቀች፤ ቆም ብላ ትንፋሿን ሳበችና እንደገና ሳቀች። ነዚፋ የልጅ ልጇን ሳቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ የነበረችው እሷ ሳታውቀው ቆማለች።

«ኦኬ» አለች ቢታንያ ስትመለስ እያለከለከች። «አትቀመጥም እኮ! ዙሪያዋ ሁለት ስንዝርና ሦስት ጣት። ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ አንድ ስንዝርና አራት ጣት።»

«እጇስ? ከትከሻ እስከ አንጓ።»

«እጇ ልክ አንድ ስንዝር። ኤግዛክትሊ!»

ነዚፋ «አንድ ስንዝር» ብላ ደገመችው። ደስ የሚል ልክ ነው። ለማስታወስም ወረቀት አያስፈልገውም።

ሹራብ ሲሠራ ተቀምጦ ያላየ ሰው ካለ ነገሩ እንዲህ ነው። ሽመና ብዙ ክር ይፈልጋል፤ ድርና ማግ አለው። ሹራብ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክር ነው። መርፌው ላይ ቀለበቶች ይሰለፋሉ፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አዲስ ቀለበት ይሳባል፤ አዲሱ አሮጌውን እንዳይፈታ ይይዘዋል፣ አሮጌው አዲሱን ይሸከመዋል። አይቆረጥም፣ አይጣልም። አልሆን ካለ ጫፉን ይዞ መሳብ ነው፤ ልብሱ እየሮጠ ተመልሶ ክር ይሆናል። ከሰው ልጅ ሥራዎች መካከል ስሕተትን እንዲህ በቸርነት የሚመልስ ስንት አለ?

እጅጌው ላይ ደግሞ የነዚፋ እናት ዘዴ አለ። እናቷ ደሴ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ከተማ፣ ለተማሪዎች ሹራብ እየሠራች ነው ያሳደገቻት። ብዙ ሰው እጅጌን ከአንጓ ጀምሮ ወደ ትከሻ ሠርቶ ኋላ ይሰፋዋል። የነዚፋ እናት ግን መጀመሪያ ገላውን ጨርሳ፣ ከትከሻው ቀዳዳ ዙሪያ ቀለበት አንሥታ፣ በአራት አጫጭር መርፌ እየዞረች ወደ ታች ትወርዳለች። ምክንያቱም ልጅ ያድጋል። እንዲህ የተሠራ እጅጌ ሲያጥር አንጓው ጋ ያለውን መዝጊያ ብቻ ፈትቶ፣ ከቆመበት መቀጠል ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ሹራብ በየዓመቱ እየረዘመ ልጁን ስድስተኛ ክፍል ያደርስ ነበር።

ነዚፋ የምትሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ረመዳን ስለሆነ የምሳ ሰዓቷ ባዶ ነው፤ ሌሎቹ ሲበሉ እሷ መርፌዋን ታወጣለች። አብራት የምትሠራው ገበያነሽ ናት፤ ጎንደሬ፣ ቀልደኛ፣ አፏ ሥራ የማይፈታ።

«እውነት ሕፃን ልታለብሽው ነው ይኼን ቀለም?» አለች ገበያነሽ እንጀራዋን እያኘከች።

«ምን ሆነ?»

«ጎመን እኮ ነው! ሮዝ ጠፍቶ ነው? ልጅቷን ገበያ ቢያወጧት በእስር ይገዟታል።»

«ሮዝማ ሁሉም ያለብሳታል። ይኼን ያለበስኳት እኔ መሆኔ ይታወቅ።»

ገላው አለቀ። የቀኙ እጅጌም አለቀ፤ ነዚፋ በየጊዜው እጇን ዘርግታ እየለካችው፣ ልክ አንድ ስንዝር ሲሞላ ዘጋችው። የግራው ሲቀር ነው ጓንቱ የመጣው።

የሆቴል አንሶላ ከመታጠቡ በፊት በላስቲክ ጓንት ይለያል። የገበያነሽ ጓንት ተቀደደና የነዚፋን አንሥታ አጠለቀች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች። የጓንቱ ጣቶች ጫፋቸው ባዶ ሆኖ ወደ ፊት ተደፋ።

«ነዚፋዬ፣ ይኼ ጓንት ነው ስልቻ? እይ፣ ጣቶቼ ቤት ተከራይተው ሳሎኑ ሰፋባቸው!»

ነዚፋ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። የያዘችውን አንሶላ ለቀቀችው።

«ገበያነሽ፣ ጓንቱን አውልቂና ስንዝርሽን አሳዪኝ።»

«ምን ልትለኪ ነው?»

«አሳዪኝ ብቻ።»

የማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እጃቸውን ዘረጉ። የነዚፋ ስንዝር ሁለት ጣት ያህል አልፎ ሄደ። ነዚፋ የአባቷን እጅ የወረሰች፣ እጀ ትልቅ ሴት ናት። ለራሷም ለልጇም ስትለካ ኖራለች፤ የምትለካውም የምትሠራውም በዚያው በአንድ እጅ ስለነበረ ነገሩ ተሳስቶ አያውቅም። አሁን ግን ሳሚያን የለካው እጅ ሎረንስቪል ነው፤ ልብሱን የሠራው እጅ እዚህ ነው። ሁለት ስንዝር ብላ የተቀበለችው የማን ስንዝር ነው?

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ጠፋ» አለች ገበያነሽ።

ነዚፋ ነገረቻት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ደውለሽ ጠይቂያታ! በኢንች ንገሪኝ በያት።»

«ምን ብዬ? ያኔ አልፈልግም ብዬ፣ አሁን ደግሞ እጅሽ ትልቅ ነው ትንሽ ልበላት? የልጄን ሚስት?»

«አዎ! ምን ነውር አለው?»

«አላውቀውም ማለት እኮ ነው፣ ገበያነሽ። እጇን አላውቀውም ማለት ነው።»

ገበያነሽ ጓንቱን እንደገና አጠለቀች።

በአውቶቡስ ስትመለስ ነዚፋ የቢታንያን እጅ ለማስታወስ ሞከረች። የጋብቻ ፊርማው ቀን ያየችው ቀለበቱን ነው፤ ቀለበቱን ታስታውሳለች፣ ጣቱን አታስታውስም። ሆስፒታል እጇ ብርድ ልብሱ ሥር ነበር። ምግብ ቤት ውስጥስ? እዚያ ማየት ነበረባት። ግን የየራሳቸው ሳህን ነው የቀረበላቸው፤ ቢታንያ በአንድ እጇ ወንበሩን እያወዛወዘች በሹካ በላች። እጅ የታጠቡትም እያንዳንዳቸው መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ ከግድግዳ በሚወርድ ውኃ ነው።

አገር ቤት ቢሆን ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ምራት አማቷን ታስታጥባለች፤ ማሰሮውን ስታዘነብል እጇ ፊት ለፊት ነው። ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ጉርሻ ሲመጣ የአጉራሹ ጣት እስከ ጥፍሩ ይታወቃል። በዓመት ውስጥ የሰውን እጅ ከድምፁ ቀድሞ ማወቅ አይቀርም። እዚህ ድምፅ ነው የሚቀድመው። ነዚፋ ከበላይዋ ያለውን ጎረቤት በእግሩ ታውቀዋለች፤ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ትሰማዋለች። ፊቱን ግን አይታው አታውቅም። ምራቷንም የምታውቃት እንደዚያው ነው።

እሑድ ጣሪቅ ከኦክላሆማ፣ ከከባድ መኪና ማረፊያ ደወለ።

«ጣሪቅ፣ የሚስትህ እጅ ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። እጇን ነው የጠየቅሁህ።»

«እማ፣ እጅ ነው በቃ። አምስት ጣት አለው።»

«ካንተ እጅ ጋር ስታስተያየው?»

«የኔ እጅማ ከመሪ ጋር ነው የሚውለው፤ በምን ላስተያየው?» አለና ሳቀ። «ለዒድ ይዣቸው እመጣለሁ፣ ወላሂ። ያኔ ራስሽ ታይዋለሽ።»

ነዚፋ ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መፍታት ቀላል ነው። ግን ስንት ይፈታል? የማያውቁትን እጅ እየገመቱ መፍታት የማያውቁትን እጅ እየገመቱ ከመሥራት አይሻልም። ስለዚህ አልፈታችውም፤ የግራውንም እጅጌ አልጀመረችም። አረንጓዴ ገላ ከአንድ እጅጌ ጋር፣ በግራ በኩል ክፍት ቀዳዳ ይዞ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቢመጡ ዐይታ ትጨርሰዋለች።

ሐሙስ ዕለት ጣሪቅ እንደገና ደወለ። ድምፁን ስትሰማ ገባት።

«የጫንኩትን ሎድ የሚረከበኝ መጋዘን እስከ ሰኞ ዝግ ነው፣ እማ። ጥዬው መምጣት አልችልም።»

«አብሽር ልጄ። ሥራ ነው።»

«ቢቲን ንገሪልኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ነግሬያታለሁ። ምንም አላለችም።»

ምንም አላለችም የሚለው ቃል አብሯት አደረ። ዐርብ ለገና ደወለችላት፤ «እንኳን አደረሰሽ» ተባባሉ፣ «አይዞሽ» ተባባሉ። ከኋላ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ የሌላ ሰው ድምፅ ግን የለም። ነዚፋ በዓሉን ከማን ጋር እንደዋለች ልትጠይቃት ፈለገችና መልሱን ስላወቀችው ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት መስጊድ የሚያደርሳት ሰው አገኘች። ሰግዳ፣ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር በትከሻ ተሳስማ፣ ረፋድ ላይ ቤቷ ተመለሰች። ለሦስት ሰው የሚሆን ወጥ ሠርታለች፤ ጣሪቅ ከመደወሉ በፊት ሥጋው ተገዝቶ ስለነበረ ነው። ትሪውን ብቻዬን ከምዘረጋው ብላ ከድስቱ ላይ በሳህን ቀዳች፣ ግን አልበላችውም። ሹራቡን ከወንበሩ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ስልኩ ጮኸ።

«ዒድ ሙባረክ!» አለች ቢታንያ። ቃሉን የተለማመደችው ያስታውቃል። «ብቻዎትን ነዎት?»

«አለሁ። ከሰው ጋር ሰግጄ መጣሁ።»

«ሹራቡስ? አለቀ?»

ውሸቱ ቅርብ ነበር። ነዚፋ «አለቀ» ልትል አፏን ከፈተችና ክፍቱ ቀዳዳ ውስጥ የገባውን የራሷን እጅ አየችው።

«አላለቀም፣ ልጄ። አበላሸሁት። አንቺ በአንቺ ስንዝር ለካሽልኝ፣ እኔ በእኔ ስንዝር ሠራሁት። የእኔ እጅ አካፋ ነው። ያንቺን… ያንቺን እጅ አይቼው አላውቅም። ሳላስተውለው አንድ ዓመት አለፈ። አንዱ እጅጌ ይቅር ብዬ ቆምኩ።»

ነዚፋ ቅር አሰኘኋት ብላ ደነገጠች።

«እኔም የእርስዎን አላውቀውም» አለች ቢታንያ ቀስ ብላ። «አሁን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር። ኢትስ ሶ ዊርድ፤ ይገርማል።» ከዚያ ደግሞ «መምጣት ፈልጌ ነበር። ትናንትም ዛሬም የመኪናውን ቁልፍ አንሥቻለሁ። ሀይዌዩ ላይ ስገባ ልቤ ይመታል፤ ልጅቷ ደግሞ ከኋላ ናት።»

«አይ፣ በፍጹም። እንዳትሞክሪው።»

«ግን… ሌላ መንገድ የለም እኮ።»

ነዚፋ ግን አንድ ነገር ታውቃለች፤ ለማንም ነግራው አታውቅም።

«ከሥራ ስመለስ አውቶቡሴ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ መንገድ ላይ አንድ ትልቅ መገናኛ ያቋርጣል። እዚያ ‹ሎረንስቪል ሀይዌይ› የሚል ሰሌዳ አለ። ያንቺ ከተማ ስም ስለሆነ ሁልጊዜ አነበዋለሁ። እዚያ ሲደርስ በመስኮቱ ወደዚያ አያለሁ። ስሙ ሀይዌይ ይባላል እንጂ መኪናው ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።»

«መብራት አለው? ትራፊክ ላይት?»

«በየማእዘኑ። ሱቅ አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አለው። እንደ ሰፈር መንገድ ነው። ግን የት እንደሚደርስ አላውቅም።»

«ቆዩኝ፣ የጣሪቅ ማፕ አለ።» ወረቀት ሲዘረጋ ተንኮሻኮሸ። ጣት በወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማል ማለት ማጋነን ነው፤ ነዚፋ ግን የሰማችው መሰላት። «ኦ ማይ ጎድ። እዚሁ ድረስ ይመጣል። የእኛ ዳውንታውን ውስጥ ነው የሚያልፈው!»

«አትምጪ፣ ልጄ። ሲመሽ—»

«ገና ጠዋት ነው እኮ። ቀስ እላለሁ። ሹራቡን እንዳይፈቱት፣ ኦኬ? እጄን ይዤ እመጣለሁ።»

ነዚፋ የተቀዳውን ወጥ ወደ ድስቱ መለሰችው። ትሪውን አወጣች። ከዚያ መስኮት ላይ ቆመች። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ዓይኗ ይከተላል፤ እኩለ ቀን አለፈ። ዙህር ሰግዳ ተመለሰች። ባልነገርኳት ኖሮ ብላ ራሷን መውቀስ ስትጀምር አንዲት ግራጫ መኪና እንደ ኤሊ እየተሳበች ግቢው ውስጥ ገባች፣ ሁለት ሰው የሚያቆምበት ቦታ ላይ በአግድም ቆመች።

ቢታንያ በሩ ላይ ስትደርስ ፊቷ በላብ ወርዝቷል፤ ልጅቷን በግራ ክንዷ አቅፋለች። «ሁሉም መብራት ቀይ ያዘኝ! ሁሉም! እያረፍኩ መጣሁ፣ ታንክ ጎድ!» አለች እየሳቀች። ነዚፋ ልትስማት ስትል እሷ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ፣ መሐላ እንደሚምል ሰው፣ ጣቶቿን ዘርግታ ያዘችው። ነዚፋ ነገሩ ገብቷት የራሷን አነሣች። መዳፍ ከመዳፍ ገጠሙ።

ከገበያነሽም ታንሳለች። የቢታንያ ጣቶች ጫፍ የነዚፋ ጣቶች የመጨረሻ አንጓ ላይ ቀርቷል። መሪውን ጨብጣ ስለቆየች እጇ ሞቃት ነው። የግራ ጉንጯን ከመሳሟ በፊት ነዚፋ እጁን ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየች።

«ኦ ኖ» አለች ቢታንያ። «ሹራቡ ለኔ ነዋ የሚሆነው!»

ሳሚያን አለበሷት። ገላው ሰፍቶ እስከ ጉልበቷ ወረደ። በቀኝ በኩል እጇ እጅጌው ውስጥ ጠፋ፤ በግራ በኩል ወፍራም ራቁት ክንድ በቀዳዳው ወጣ። ልጅቷ የጠፋውን እጇን ፈለገችው፣ እጅጌውን ወደ አፏ አስገባችና መጥጣ ዝም አለች። ክሩ አላሳከካትም። አንገት አልዋሸም።

«ቁጭ በይ» አለች ነዚፋ። ትሪውን አቀረበች። የማስታጠቢያ ማሰሮ ስለሌላት በሻይ ማንቆርቆሪያ ውኃ አምጥታ ልታስታጥባት ስትል ቢታንያ ከእጇ ነጠቀቻት። «በፊልም አይቻለሁ፤ እኔ ነኝ የማፈሰው» አለች። ግማሹን ምንጣፍ ላይ አፈሰሰችው።

ከዚያ ሹራቡ ከልጅቷ ወለቀና ሥራ ተጀመረ። ቢታንያ በቀኟ ትበላለች፤ ግራ እጇ ጠረጴዛው ላይ ስንዝር ሆኖ ተዘርግቷል። ነዚፋ ከትከሻው ቀዳዳ ዙሪያ ቀለበት አነሣች፣ በአራቱ መርፌ መዞር ጀመረች። ጥቂት ዙር በሄደች ቁጥር እጅጌውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ካለው እጅ ጋር ታስተያያለች።

«ማንሣት እችላለሁ? ደነዘዘኝ።»

«ሜትር ተነሥቶ ያውቃል? ዝም ብለሽ ብዪ።» ነዚፋ ከትሪው ጠቅለል አድርጋ አጎረሰቻት። ቢታንያ ሙሉ አፏን ሆና ስለ ሎረንስቪል አወራቻት፤ የጎረቤቶቿን በር ሲዘጋ በድምፁ እንደምትለየው፣ ስማቸውን ግን እንደማታውቅ። ነዚፋ ከመርፌዋ ቀና አላለችም። ጣራውን ብቻ በአገጯ አመለከተችና «የኔ እዚያ ነው ያለው» አለች። ከላይ ጫማ ወደቀ። ሁለቱም ሳቁ።

የግራው እጅጌ ከቢታንያ አውራ ጣት ተነሥቶ የመሀል ጣቷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነዚፋ ዘጋችው። አለበሷት። አንጓዋ ላይ ልክ አለ፤ አንድ ክር አላለፈ፣ አንድ ክር አልጎደለ።

«በይ አሁን ረጅሙን አምጪው» አለች ነዚፋ። «ጫፉን ፈትቼ ላስተካክለው። ጊዜ አይፈጅም።»

ቢታንያ ልጅቷን አነሣቻትና አየቻት። አንዱ እጅጌ የአያት ስንዝር፣ አንዱ የእናት።

«ይተዉት።»

«ሰው ምን ይላል? አያቷ ዓይኗ ጠፍቷል ይላል።»

«ረጅሙን አጥፍላታለሁ። ለከርሞ እሱ ልክ ይሆናታል፤ ያኔ አጭሩን ያረዝሙላታል። በዚያ ዘዴ ነው የሠሩት አይደል፣ ከላይ ወደ ታች? ሶ… መምጣት አለብን ማለት ነው።»

ነዚፋ መርፌዋን አስቀመጠችው።

ከመምሸቱ በፊት ሄዱ፤ ቢታንያ በጨለማ መንዳት አትደፍርም። መኪናዋ እየተሳበች ወጥታ ወደ ትልቁ መገናኛ ታጠፈች። ቤቱ እንደ ወትሮው ሆነ። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ውኃ አልደረቀም። ከላይ ያለው ሰው ወዲያ ወዲህ አለ። ነዚፋ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ሲጮህ ሳታስጨርሰው አነሣችው።

«ደረስን» አለች ቢታንያ። «ሁሉም መብራት ቀይ ያዘኝ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ የተረፈውን አረንጓዴ ክር ጠቀለለች። ከገበያነሽ የልጅ ልጆች ለአንዱ ካልሲ ይወጣው ነበር። ጥቅሉን ከአራቱ አጫጭር መርፌዎች ጋር አሰረችና ለብቻው አስቀመጠችው፤ አጭሩ እጅጌ የሚረዝመው በዚህ ነው፤ ቀለሙ ሌላ ጊዜ ላይገኝ ይችላል። ከዚያ ጠረጴዛውን ልታጸዳ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ የምራቷ እጅ ተዘርግቶ የቆየበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጨርቁን አቆመችውና የራሷን እጅ አኖረችበት።